ጌምን ከላፕቶፕ ውጭ ማኖር፦ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ በደጋ አገር



የዛሬው ርእስ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ሲነሣ ፈገግታ እንደሚያጭር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በላፕቶፕ ላይ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ የማከማቻውን አቅም እንደ ጌም የሚፈትን ጥቂት ነው። ተማሪውም ከቤተሰቡ በተላከለት ገንዘብ ዕቃ ሲገዛ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ይኖርበታል። በዚያ ላይ ጌሙ በተጫነበት ዲስክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይቀመጣል።

ከስሌቱ እንጀምር። በቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ የተፈለገው መረጃ በአማካይ ግማሽ ዙር ርቆ ስለሚገኝ 5.6 ሚሊሰከንድ በመጠበቅ ያልፋል። አንባቢው ክንድ ትክክለኛው መሥመር ላይ እስኪደርስ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨመራል። በየቦታው የተበተኑ 10,000 ትናንሽ ቁርጥራጮችን አንድ በአንድ የሚያነብ ጌም እንግዲህ ሦስት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ክንዱን ሲያመላልስ ይቆያል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቶ እንኳ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚሊሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ይበቃዋል። ያው ሥራ በሁለት ሰከንድ ገደማ ያልቃል ማለት ነው።

የጌም ሠሪዎችም ይህን ችግር ለማለፍ ሲሉ ብዙ ቦታ ያባክኑ ነበር። የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ነዳፊ ማርክ ሰርኒ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ባደረገው ንግግር እንዳስረዳው፣ በስፓይደር-ማን ጌም ውስጥ እንደ መንገድ ዳር የፖስታ ሣጥን ያሉ ነገሮች መረጃ በዲስኩ ላይ እስከ 400 ጊዜ ተደጋግሞ ይጻፍ ነበር፤ ክንዱ ሩቅ እንዳይሄድ። ፕሌይስቴሽን 5 ለራሱ የተሠሩትን ጌሞች በውጭ የዩኤስቢ ዲስክ ላይ እንድናስቀምጥ እንጂ ከዚያው እንድንጫወት አይፈቅድም። ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም፤ ከውጭ ዲስክ ላይ በቀጥታ መጫወት ይቻላል።

ነገር ግን ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ወሰን አለ። ኤስኤስዲ የሚያፋጥነው ጌሙ የሚከፈትበትንና ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ጊዜ ነው። ምስሉ የሚቆራረጠው በግራፊክስ ካርዱ ወይም በራሙ ማነስ ከሆነ ምንም አይለውጥም። 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ላፕቶፕ ከውጭ በሚሰካ ዕቃ ማዳን አይቻልም። እንዲያውም ላፕቶፓችሁ ገና ሃርድ ዲስክ የያዘ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ኤስኤስዲ ወደ ውስጥ አስገቡት ባይ ነኝ፤ ዊንዶውስም ጌሙም አብረው ይፈጥናሉ። የውጭው ተራ የሚመጣው የውስጡ ማከማቻ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ሲገኝ፣ ወይም ፈጣን ሆኖ ሳለ ሲጠብ ነው።

ቀጥሎ ቀዳዳው ይታይ። ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ 65 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይጠይቅ ነበር። ይህን ያህል ፋይል በዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ፣ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ሂሳብ፣ ለመቅዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 400 ሜጋባይት ከተገኘ ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ምንጩም እኩል ፈጣን ከሆነ ነው ታዲያ። ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ የሚቀዳ ሰው ዐሥር ደቂቃ ቢጠብቅ ጥፋቱ የኤስኤስዲው አይደለም። የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። የታይፕ-ሲ ቅርጽ በራሱ ፍጥነትን አያረጋግጥም፤ ስልክ ለመሙላት የተሠሩ ብዙ ገመዶች የሚያስተላልፉት በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን አየር ልምጣ፤ በግሌ ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ራስ ሳሕኑን አይነካም። ሳሕኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ትራስ ላይ፣ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። አየር ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ስለዚህ ነው አምራቾች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሥራ ከፍታ ወሰን የሚያወጡለት፤ አብዛኛውን ጊዜ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። ከተማችን ከወሰኑ በታች ስለሆነች ሃርድ ዲስክ እዚህ ይሠራል፤ የተረፈው ኅዳግ ግን ጠባብ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጉና ተራራ ላይ ደግሞ ወሰኑ ጨርሶ ይታለፋል። ከሐሙሲት በወረታ በኩል ወደዚህ በሚኒባስ ስትመጡ ላፕቶፑን ጉልበታችሁ ላይ ከፍታችሁ ከሆነ፣ የመንገዱ መንገጫገጭ በዚያ ስስ ትራስ ላይ የሚያደርሰውን ገምቱት። ኤስኤስዲ የአየር ትራስ አያስፈልገውም። ሆኖም ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድምና ረጅም ፋይል ስትገለብጡ ዲስኩን ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ስለ ገበያው ዝም ማለት አልችልም። በዓለም ዙሪያ 16 ቴራባይት የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው በርካሽ የሚሸጡ ትናንሽ ሣጥኖች አሉ፤ ሲከፈቱ ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው የሚገኘው ተራ የሚሞሪ ካርድ ነው። የእነዚህ ተንኮል ኮምፒውተሩን ጭምር መዋሸታቸው ነው፤ መጠኑ 16 ቴራባይት ተብሎ ይታያል፣ ፋይሉም የተቀዳ ይመስላል፣ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተጻፈው ግን ወይ ይጠፋል ወይ የቀደመውን ይደመስሳል። ስሙ ሳይቀር በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ሲከፈት ባዶ ነው። መፍትሔው ዕቃውን በተገዛበት ቀን እስኪሞላ ፋይል ገልብጦ፣ ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ፋይል መክፈት ነው። አሰልቺ ነው፤ አንድ ሌሊትም ሊወስድ ይችላል።

የፋይል ሥርዓቱንም በጥቂቱ ልንካ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ለዛሬ ጌሞች አይሆንም። ኤክስፋት ይቀበላል፤ ነገር ግን የለውጥ መዝገብ አይዝም፤ ገመዱ በጽሕፈት መካከል ከተነቀለ ጉዳቱ ሊከፋ ይችላል። ዊንዶውስ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ኤንቲኤፍኤስ ይሻለዋል። መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ኃይሉን ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚያገኝ ያን ያህል አያሰጋም፤ ይልቁን የሚያሰጋው የላላ ገመድ ነው።

በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፉ። በዶርም ውስጥ የጌም ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ሲሆን ወይም ሲቋረጥ ሌላ መንገድ የለም፤ መተጋገዙንም አልነቅፍም። ሆኖም የተሰበሩ ጌሞች ብዙ ጊዜ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላሉ፤ ፋይሎችን ደብቆ ሾርትከት የሚተካ ቫይረስ ምን እንደሚያደርግም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጌም ቢጠፋ እንደገና ይቀዳል። የሁለት ዓመት የመስክ መረጃ ግን ከማንም ዶርም አይቀዳም። ስለዚህ ጌሙ የሚዞርበት ዲስክ ላይ ጽሑፋችሁን አታስቀምጡ። ከላፕቶፑ የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ማቀፊያ ሣጥን ገዝታችሁ ለጽሑፉ ቅጂ አውሉት። ሳምንት ሳምንት ቅዱበት፣ ንቀሉት፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት፤ ለማንም አታውሱት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ዲስካችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም ከፊት ባለው ላፕቶፕ ላይ አብረን እንፈትሻለን።