ስብሰባው ሲዘጋ ትውውቁ አይዘጋ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣
ክቡራትና ክቡራን፤



ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 በማንቸስተር ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች ስድስተኛው በኅብረት ሥራ ማኅበራት መካከል ሊኖር ስለሚገባው ትብብር የሚናገር ነው። ትብብር ደግሞ ያለ ትውውቅ አይጀመርም። ለጉባኤም ሆነ ለሥልጠና በአካል ስንገናኝ ትውውቁ በራሱ ጊዜ ይመጣል። በሻይ ሰዓት የአንዱ ማኅበር ሊቀመንበር ከሌላው ጋር ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጆንያና ስለ መኪና ኪራይ ይጠያየቃል፤ ስልክም ይለዋወጣል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን በርካታ ስብሰባዎችና ሥልጠናዎች በኢንተርኔት መካሄድ ጀምረዋል። ይህ አሠራር የመጓጓዣና የውሎ አበል ወጪን ይቀንሳል። ሆኖም የሻይ ሰዓት የለውም። አሠልጣኙ ይናገራል፣ እኛ እናዳምጣለን፣ ተመሰጋግነን እንለያያለን። አብረን የዋልን ሰዎች ሳንተዋወቅ እንቀራለን።

ጉዳቱን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የተመረተበት ማሳ መገኛ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡናም አይቀበልም። በዚህ ጉዳይ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ የአባላቱን ማሳ መዝግቦ የጨረሰ ማኅበርና ገና ያልጀመረ ማኅበር አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከወጡ፣ ያልጀመረው ወንድሙ ያለፈበትን ድካም እንደ አዲስ ይደክማል። ገበያው ግን ቆሞ አይጠብቀውም።

በመሆኑም የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የስልኩን ስም ለውጦ የራሱን ስም፣ ማኅበሩንና ወረዳውን ይጻፍ። ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ሰው የሚያነጋግረው አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ከፕሮግራሙ ቢያንስ 20 ደቂቃ ለትውውቅ ይመደብ። ዙምን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ተሰብሳቢውን በአነስተኛ ቡድን የሚከፋፍል አሠራር አላቸው። ከተለያየ ወረዳ የመጡ አራት ወይም አምስት ሰዎች ከአንድ አወያይ ጋር ተገናኝተው ሁለት ጥያቄ ይመልሱ፤ «ለሌላው የማካፍለው ምንድን ነው? ከሌላው የምፈልገውስ?» በትልቅ ስብሰባ መናገር የሚከብዳቸው ሴት አባላትም በዚህ ቡድን ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ሦስተኛ፣ ኔትወርክ የሚያስቸግራቸው አባላት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተሰብስበው ይከታተሉ። መስመሩ ቢቋረጥ ድምፃቸው እንዳይቀር ጥያቄያቸውን አስቀድመው በስልክ ያስመዝግቡ።

አራተኛ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ተሳታፊዎች ስልክ ቁጥር በቴሌግራም ይሰራጭ፤ ያልፈቀደ ሰው ቁጥር ግን አይውጣ። እያንዳንዱም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰው ይደውል። ዩኒየኑም ስንት ሰው ተገኘ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ከማን ተገናኘ፣ ምን ሥራስ ተጀመረ ብሎ ይጠይቅ።

ክቡራትና ክቡራን፤

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ የሚያብረው ግን ክር ከክር ሲገናኝ ነው። በሚቀጥለው የኢንተርኔት ስብሰባችን ከመካከላችን አንድም ሰው አዲስ ወዳጅ ሳያፈራ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።