ሦስተኛው ባለጉዳይ



የእግር ኳስ ሕግ ለምን ይወጣል ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «ለፍትሕ ነው» ብለን እንመልሳለን። ለሁለቱም ቡድኖች እኩል የሚሠራ ደንብ ግን አድልዎ ሳይገኝበት ስለ ምን ይሻራል? ዛሬ ልናስረዳ የተነሣነው፤ በገንዘብ በሚታይ ጨዋታ ላይ ሦስተኛ ባለጉዳይ መኖሩን ነው፤ እርሱም ተመልካቹ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1925 ድረስ ኳስ ሲላክለት በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። ተከላካዮችም አጥቂን በኦፍሳይድ ማጥመድን ሥራዬ ብለው ያዙት፤ ጨዋታው በፊሽካ ይቆራረጥ ጀመር። ስለዚህ ሦስቱ ወደ ሁለት ተቀነሱ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በ1924–25 የውድድር ዘመን 1,192 የነበረው የጎል ቁጥር በተከታዩ ዘመን 1,703 ደረሰ።

ከዚህ ይልቅ ነገሩን የሚያጎላው በ1990 በኢጣልያ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው። በ52 ጨዋታ የተቆጠረው 115 ጎል ብቻ ነበር። የሚመራ ወይም አቻ የሚበቃው ቡድን ኳሱን ለበረኛው ይመልሳል፤ በረኛው በእጁ ይዞ ይቆያል፤ ለተከላካዩ ያቀብላል፤ ተከላካዩም መልሶ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ሕግ የፈቀደው ነበር! ከተመልካቹ በቀር የተበደለ አልነበረም። በ1992 በረኛው የቡድን ጓደኛው አስቦ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። በ1994 በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ደግሞ በምድብ ጨዋታ ላሸነፈ በሁለት ነጥብ ፈንታ ሦስት ተሰጠ፤ በዚያው በ52 ጨዋታም 141 ጎል ተቆጠረ። (የፍጻሜው ጨዋታ ግን 0–0 ሆኖ ብራዚል ኢጣልያን ያሸነፈችው በመለያ ምት ነው፤ ደንብ ሁሉን አያዝም።) በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የ1992ቱ ነው፤ ምክንያቱም በረኛውን በእግሩ መጫወት እንዲማር አስገድዶታል። ተመልካቹም የተደሰተው በተጫዋቹ ችሎታ ነው።

«ወርቃማው ጎል» ግን እንዲህ አልሆነም። በተጨማሪው ሰዓት መጀመሪያ ያገባ ወዲያው ያሸንፋል የተባለው ቡድኖች እንዲያጠቁ ታስቦ ነበር። ጀርመን በ1996 የአውሮፓ ዋንጫን በዚሁ ወሰደች። ነገር ግን አንዲት ስሕተት ሁሉን የምታጠፋ ስለ ሆነች ብዙዎች መከላከልን መረጡ፤ ደንቡም ከ2004 በኋላ ተተወ።

ሕጉን የሚያወጣው ቦርድ ስምንት ድምፅ አለው፤ አራቱ የብሪታኒያ ፌዴሬሽኖች አንድ አንድ፤ ፊፋ አራት። ደንብ ለመለወጥ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል። የሚከፍለው ሰው ድምፅ የለውም፤ የሚፈራው ግን እርሱ ነው፤ ከተሰላቸ ወንበሩ ባዶ ይቀራል።

በ2018 የዓለም ዋንጫ ላይ የገባው የቪዲዮ ዳኝነት ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ፍርዱ ይበልጥ ተጣራ፤ ጎል ሲገባ የሚዘልለው ሕዝብ ግን ደስታውን ይዞ ማስረጃ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ከመካከላችን ግማሹ ይህን ይደግፋል፤ ግማሹ ይቃወማል። ተስማምተን አልመጣንምና የቀረውን ከእናንተ ጋር እንከራከርበት።