የኮምፒውተር ዓይንና እጅ
በሊኑክስ ኮምፒውተር የስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ አሰነዳድ፤ ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



በአንድ የኮምፒውተር ክፍል ጥግ ጨርቅ ተጥሎበት የተቀመጠ መሣሪያ ቢገኝና ስለ ምን ሥራ እንደ ፈታ ቢጠየቅ፥ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ስክሪኑ ጠቁሯል» ወይም «አማርኛ አይጽፍም» ይባላል። ሁለቱም ሕመምን እንጂ ሞትን አያመለክቱም። መሣሪያው በውስጡ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዓይኑና እጁ ብቻ ተሰናክለው ይሆናልና። የዚህ ንግግር ዐላማ በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ዓይንና እጅ እንዴት እንደሚሰናዳ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

ሊኑክስን የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እንደ ዴቢያንና እንደ ኡቡንቱ ያሉት የሊኑክስ ስርጭቶች የፈቃድ ዋጋ ስለማይጠየቅባቸው፥ በጀታቸው አነስተኛ ለሆነ ትምህርት ቤቶች ይስማማሉ። ሆኖም በነጻ የተገኘ ነገር ሁሉ ያለ ዕውቀት አይሠራም።

የሥርዐቱ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉ ሥዕል ከሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ አለ። ሁለት ዐዋቂዎች ያለ አስተርጓሚ ቢገናኙ ዐዋቂነታቸው ሳይጎድል እንደማይግባቡ ሁሉ፥ ድራይቨር የሌለው ካርድም ደኅና ሆኖ ሳለ ዲዳ ይሆናል። ከዚህ በላይ ደግሞ መስኮቶችን በስክሪኑ ላይ የሚያሰናዳ ክፍል አለ። ይህም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ኤክስ፥ ወይም እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ነው።

የካርዶቹ ጠባይ እንደ ሠሪዎቻቸው ይለያያል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ፥ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር መጫን አያስፈልግም። ነገር ግን የኤኤምዲ ካርድ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፋይል ካልተጨመረለት ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል። ዴቢያን ይህን መሰሉን ፋይል በመደበኛው መጫኛው ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ12ኛው እትሙ ነው። የኤንቪዲያ ካርድ ግን ሁለት አስተርጓሚዎች አሉት። አንደኛው ኑቮ የሚባለው፥ በጎ ፈቃደኞች የካርዱን አሠራር ከውጭ እየመረመሩ የጻፉት ነው፤ ሁለተኛው የኩባንያው የራሱ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ከከርነል ጋር የሚገናኘውን ክፍል ምንጭ ጽሑፍ ለአዳዲሶቹ ካርዶች ይፋ አድርጓል፤ በትምህርት ቤት የሚገኘው አሮጌ ካርድ ግን ከዚህ ውጭ ስለሚሆን፥ ወይ ኑቮን ወይም ለአሮጌ ካርዶች የተለየውን የቀድሞ ድራይቨር ይሻል።

ስክሪኑ ሲጠቁር ምርመራው እንደሚከተለው ይሁን።

አንደኛ፤ ገመዱና ስክሪኑ ራሱ ይፈተሹ።

ሁለተኛ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚታየው የግሩብ ዝርዝር ላይ «ኢ» የምትባለው የላቲን ፊደል ትመታ፤ ሊኑክስ በሚለው ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ይጨመርና ኤፍ 10 ይጫን። ይህ ቃል ከርነሉ የካርዱን ልዩ ችሎታ ሳይነካ እንዲነሣ ያዝዘዋል። ሥዕሉ ደብዛዛና ዘገምተኛ ቢሆንም ይታያል። ትእዛዙ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ምርኩዝ እንጂ ፈውስ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ተርሚናል ተከፍቶ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ ከሰረዝና ከ«ኬ» ጋር ይጻፍ። ካርዱ ማን እንደ ሆነና የትኛው ድራይቨር እንደሚያገለግለው ይገልጣል።

አራተኛ፤ የጎደለው ድራይቨር ከስርጭቱ ከራሱ ማከማቻ ይጫን እንጂ ከየትም ከተለቀመ ፋይል አይጫን፤ ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩም አብሮ መታደስ አለበትና።

አምስተኛ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም በደብተር ይመዝገብ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ ያልተመዘገበ ለውጥ ለተከታዩ መምህር የተደበቀ በሽታ ነው።

ስክሪኑ ከተስተካከለ በኋላ የእጁ ነገር ይከተላል። በዘመናዊ ስርጭቶች የማውስንና የመዳሰሻ ሰሌዳን እንቅስቃሴ የሚተረጉመው ሊብኢንፑት ነው። ይህ ክፍል ሰሌዳውን መታ ማድረግን ከመነሻው እንደ መጫን አይቈጥረውም፤ ሰው በሚጽፍበትም ጊዜ መዳፉ ሳያውቅ እንዳያሰናክል ሰሌዳውን ለአፍታ ያሳርፈዋል። ይህን ያላወቀ ሰው መሣሪያው ተሰበረ ይላል፤ ያወቀ ግን በቅንብሩ ገብቶ ያስተካክላል። እንደዚሁም ፕሮጀክተር ተገጥሞ በግድግዳው ላይ ባዶ ሥዕል ብቻ ቢታይ፥ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለም፤ ሁለቱ ስክሪኖች አንዱ የሌላው ቅጥያ ሆነው ነውና፥ አንድ ዐይነት ሥዕል እንዲያሳዩ መምረጥ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ከቁልፎቹ ቍጥር እጅግ ስለሚበዛ፥ ከመሣሪያ ጋር የማስማማቱ ችግር ከኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪና ሥራ ጀምሮ የታወቀ ነው። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት፥ በየትኛውም አገር ኮምፒውተር የሚታወቅበት የራሱ ቍጥር አገኘ። በሊኑክስ ላይ አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ዘዴ ኤም 17 ኤን ከሚባለው ጋር ሲጫን፥ አማርኛ በድምፅ ይጻፋል፤ የ«ስ» ቁልፍ ተመትቶ የ«ኡ» ቁልፍ ሲከተል «ሱ» ይወጣል። በግኖም ዴስክቶፕ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና የክፍተቱ ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያሻግራሉ። በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ቢታዩ የጎደለው ቁልፉ ሳይሆን ፎንቱ ነው። የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ጊዜ ግን የቁልፉ ቋንቋ አስቀድሞ ይታይ፤ ቃሉን አልረሳሁም የሚል ሕፃን እውነቱን ሊሆን ይችላልና።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኮምፒውተር ላይ ስሙን በገዛ ፊደሉ መጻፍ ያልቻለ ተማሪ፥ ዘመናዊ ዕውቀት ለሌሎች እንጂ ለእርሱ ቋንቋ አልተሠራም ብሎ ይደመድማል። ይህ ስሕተት በልቡ ከተተከለ በኋላ ማንኛውም የትምህርት መጽሐፍ በቀላሉ አይነቅለውም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ሹማምንት አንድን መሣሪያ ከመዝገብ ከመሰረዛቸው በፊት ምርመራው በቅደም ተከተል መፈጸሙን ይጠይቁ፤ መምህራንም ምርመራውን በተማሪዎቻቸው ፊት ያድርጉት። ተማሪው መምህሩ ምክንያትን በትዕግሥት ሲፈልግ ባየ ጊዜ፥ ከጠቆረው ስክሪን ብርሃን ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ዕውቀት እንዴት እንደሚሠራ ያያል።