የሴንት ሉዊሱ አሮጌ ፍርድ ቤት

አቅራቢ፦ ዛሬ የምናስጎበኛችሁ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘውን የቀድሞውን የካውንቲ ፍርድ ቤት ነው።

ግንባታው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1839 ነው። በሩ ላይ የተደረደሩት ዓምዶች የጥንት ግሪክ ቤተ መቅደስን ያስታውሳሉ። አራቱ ክንፎች መሃል ላይ ባለ ክብ አዳራሽ ይገናኛሉ። ከአዳራሹ በላይ ያለው ጉልላት የተጠናቀቀው በ1862 ነው። አርክቴክቱ ዊልያም ረምቦልድ የሮማውን የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ አብነት አድርጎ፣ አጽሙን ግን በብረት ሠራው፤ ለዘመኑ ደፋር ሥራ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚህ ሕንፃ ደጃፍ ሰዎች በጨረታ ይሸጡ ነበር። በባርነት የተያዙት ድሬድ ስኮትና ባለቤቱ ሃሪየት በ1846 ነጻነታቸውን ለማስከበር ክስ የመሠረቱትም እዚሁ ነው። በ1850 ተፈረደላቸው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርዱን ሻረው። በ1857 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ሲል ወሰነ። ውሳኔው ያስነሳው ቁጣ አሜሪካን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከገፏት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ባልና ሚስቱ በዚያው ዓመት በአሳዳሪያቸው ፈቃድ ነጻ ወጡ።

ዛሬ ሕንፃው የብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፍትሕን የነፈገም፣ ፍትሕ የተጠየቀበትም ቤት ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል።