ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማና ስለ ሰፈራችን ሜዳ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በስፖርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ ከተያዙት ጉዳዮች አንዱ የልጆቻችን የኳስ ሜዳ ነው። ስለ ሜዳው ከመነጋገራችን በፊት የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ብናነሳ ይጠቅማል ብለን አስበናል። በየቤቱ «ኳስ ምን ያበላል?» ሲባል እንሰማለን። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ስንዴው በወቅቱ መታጨድ አለበት፤ ከብቱም መጠበቅ፣ ትምህርቱም መጠናት አለበት። እስቲ መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት እንፈልገው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ግጥም አዋቂ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአዲስ አበባ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ሲቋቋም ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ቡድኑ ውስጥ ገቡና ማልያውን ለ23 ዓመታት ለበሱት። በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። በዚያ ዘመን እኮ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች አልነበረም። ሰው የሚጫወተው ከሥራውና ከትምህርቱ በተረፈው ጊዜ ነው።

ቡድኑ ከተቋቋመ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶች ነጭና ጥቁርን በሁሉም ነገር ለያዩ፤ ኳሱም አልቀረለትም። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ብቻ ይጫወት ተባለ። ልጆቹ ግን ጨዋታውን አልተዉትም።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ነገሩ ተለወጠ። በ1936 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር በአንድ ውድድር ተሰለፈ። ትናንት ከነጭ ጋር አትጫወቱም የተባሉት ልጆች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ ተጋጠሙ። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ጊዜ ተጫዋችም አደራጅም ነበሩ። የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙትም አንዱ ናቸው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም በካርቱም ተሰበሰቡ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ላምጣ አለች። አቶ ይድነቃቸው አይሆንም ካሉት ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ቀረች። በወረራው ዘመን መለያየትን በሜዳ ላይ ያየ ሰው ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ፤ ልጆቹም ስሙ። የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። ሁለት ጊዜ መሩን፤ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን። በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ጎል ጨመርንና 4 ለ 2 አሸነፍን። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አገራችን አልተመለሰም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1958 ዓ.ም. ለእንግሊዙ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰጣትም ነበር። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን አስተባብረው የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። በሚቀጥለው፣ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ተሳተፈች። ዛሬ በዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ቡድን አይተን ስንጮህ፣ ያንን በር ያንኳኩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ያለነው ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አየር ሳንባን እንደሚያጠነክር ጎረቤታችን አርሲ፣ በቆጂ ላይ፣ በእነ ደራርቱ ቱሉና በእነ ቀነኒሳ በቀለ አሳይታለች። አየሩ በነፃ ተሰጥቶናል፤ ሜዳውን ግን እኛው ካልጠበቅነው ማንም አይጠብቅልንም።

ሜዳችን በየዓመቱ እየጠበበ ነው። አንዱ ለቤት ሥራ ያስመጣውን ድንጋይና አሸዋ ያራግፍበታል፤ ሌላው ጭድ ይከምርበታል። «ለጊዜው ነው» ይባላል፤ ክረምቱ አልፎ በጋው ይተካል፤ ክምሩ ግን እዚያው ነው። ታዲያ ልጆቹ ወዴት ሄዱ? ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ወጡ። ኳሷ ወደ መንገዱ ስትንከባለል ልጅ ተከትሏት ይሮጣል፤ ከወዲያ ባጃጅ፣ ከወዲህ የጭነት መኪና ይመጣል። እስከ ዛሬ ፈጣሪ ጠብቆልናል። ነገር ግን እሱ እየጠበቀ እኛ ዝም ማለታችን ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በሜዳው ላይ ድንጋይ፣ አሸዋም ሆነ ጭድ ያለው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንሳ፤ አቅም ለሚያንሰው ወጣቶቹ በደቦ ያግዙታል። ሁለተኛ፣ ለሴቶች ልጆቻችን በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ይለቀቅላቸው፤ ዳር ቆመው ማየት ብቻ አይበቃቸውም። ሦስተኛ፣ ከየቤቱ ጥቂት ተዋጥቶ ሁለት ኳስና የጎል እንጨት ይገዛ።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ይድነቃቸው ይወጣል ብለን ቃል አንገባም። አብዛኞቹ ገበሬ፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ሾፌር ይሆናሉ። ግን በአንድ ሕግ መጫወትን፣ ተሸንፎ መጨባበጥን፣ ጎረቤቱን ሳይለይ ኳስ ማቀበልን የተማረ ልጅ ነገ ይህን ማኅበር የሚረከብ ነው። «ኳስ ምን ያበላል?» ለሚሉን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው።

አሁን አስተያየታችሁን ስጡና ወደ ድምፅ እንሂድ።