ስም የወለደው ገዳይ
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የቴሌቪዥን ፍጥረት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ስታር ትሬክ» ከተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ትርኢት ውስጥ ዲሴምበር 22 ቀን 1967 የታየ አንድ ክፍል አለ። የጠፈር መርከቧ መሐንዲስ ስኮት በአንዲት ሰላማዊ ዓለም ሳለ ሦስት ሴቶች ተራ በተራ በቢላዋ ይገደላሉ። እርሱም በአጠገባቸው ይገኛል፤ ያደረገውን ግን አያስታውስም። በመጨረሻ ገዳዩ ሥጋ የሌለው፥ ከሰው ወደ ሰው የሚገባ፥ ፍርሃትን የሚመገብ ፍጥረት ሆኖ ይገኛል። ስሙም ሬድጃክ ነው። ያደረበትም ሰው ወንጀሉን ይመረምር የነበረው ሹም ራሱ ነው! ፍጥረቱ ሲነቃበት በመርከቧ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ስፖክ ግን ኮምፒዩተሩን «ፓይ» የተባለውን ቁጥር እስከ መጨረሻው እንዲያሰላ ያዘዋል፤ መጨረሻ የለውምና መኪናው በሥራ ይጠመዳል። መርከበኞቹም እንዳይፈሩ የማስታገሻ መድኃኒት ይወጋሉ። የሚበላው ያጣው መንፈስ ተባሮ በጠፈር ይበተናል።

ይህን የጻፈው ሮበርት ብሎክ ነው፤ በ1960 ሂችኮክ ፊልም ያደረገውን «ሳይኮ» የተባለ ልብ ወለድ የደረሰው ማለት ነው። ሐሳቡ ግን ለቴሌቪዥኑ ተብሎ የተፀነሰ አልነበረም። ብሎክ በጁላይ 1943 «ዊርድ ቴልስ» በተባለ መጽሔት ባወጣው አጭር ልብ ወለድ፥ የለንደኑ ገዳይ «ጃክ ዘ ሪፐር» ሰው እየሠዋ ሳያረጅ ይኖራል ብሎ ጽፎ ነበር። ይህም በ1961 ለቴሌቪዥን ተዘጋጅቷል። እንግዲህ በ1943 የማይሞት ሰው የነበረው በ1967 ሥጋ የሌለው መንፈስ ሆነ ማለት ነው።

ሥሩ ግን ከዚህም የጠለቀ ነው። በ1888 በምሥራቅ ለንደን በኋይትቻፕል ሠፈር፥ ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ባለው ጊዜ አምስት ሴቶች ተገደሉ። ገዳዩ አልተያዘም። «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የታወቀው በሴፕቴምበር መጨረሻ ለአንድ የዜና ድርጅት ከደረሰ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የጻፈው ጋዜጠኛ ሳይሆን እንደማይቀር ያመኑ የፖሊስ ሹማምንት ነበሩ። ሰውየው ሳይታወቅ ስሙ ታወቀ። ጋዜጣውም ተሸጠ፥ ፍርሃቱም ሠፈሩን ሞላው። ጆን ፓይዘር የተባለ አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ ተጠርጥሮ ተያዘ፤ በኋላ ግን በግድያው ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ ስለ ተረጋገጠ ተለቀቀ። በግንብ ላይ ስለ አይሁድ የተጻፈ ቃልም ሁከት እንዳያስነሣ ተፈርቶ በፖሊስ አዛዡ ትእዛዝ ሳይነጋ ተፋቀ።

ስለዚህ ፍጥረቱ ፍርሃት ይበላል መባሉ ከተረቱ ሁሉ እውነተኛው ነገር ነው እላለሁ። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በትርኢቱ ስፖክ መንፈሱ ሴቶችን የሚመርጠው ሴት ይበልጥ ፈሪ ስለ ሆነች ነው ይላል። በኋይትቻፕል የነበረው ምክንያት ግን ድህነት ነው! ሜሪ አን ኒኮልስ በዚያች ሌሊት ከማደሪያው የተመለሰችው ለአልጋ የሚከፈል 4 ፔንስ በማጣቷ ነው። አኒ ቻፕማንም እንዲሁ የአልጋ ዋጋ አጥታ ወጣች። ጎዳና ላይ ያሳደራቸው መንፈስ ሳይሆን ያጡት ሳንቲም ነው፤ የገደላቸውም ሰው ነው።

ጓደኞቼ፤ እኛም አገር ጥፋተኛ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ሲል እንሰማለን። መንፈስ ሲከሰስ ሰው ነጻ ይወጣል፤ የሟቿም ስም ይረሳል። የገዳዩን የብዕር ስም የማያውቅ ጥቂት ነው፤ የሜሪ አን ኒኮልስን፥ የአኒ ቻፕማንን፥ የኤልሳቤጥ ስትራይድን፥ የካትሪን ኤዶውስንና የሜሪ ጄን ኬሊን ስም የሚያውቅስ ስንቱ ነው? ትርኢቱን እንመልከት፥ በጥበቡም እንደሰት። ነገር ግን ወንጀል ሲፈጸም አስቀድመን የሟቿን ስም እንጠይቅ፤ የተጠረጠረውንም ማስረጃ ሳይቀርብ አንፍረድበት።