የስድስት ኪሎን ሐውልት ማን ሠራው?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ፣ በሰቨን ሲስተርስ፣ ለንደን፣ የተደረገ ንግግር)



 የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ማኅበሩ ያለፉት 10 ዓመታት ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቻችንም ሰምተው የሚይዙት አንድ ነገር እንድንናገር አደራ ብሎን ነበር። ርእስ ለመምረጥ ግን ብዙ አልደከምንም። ርእሱን የመረጠችልን ከልጆቻችን አንዷ ናት።

ባለፈው የካቲት 12ን ለማሰብ በተሰበሰብንበት ምሽት፣ እንደ ልማዳችን ጧፍ አብርተን፣ የስድስት ኪሎን የሰማዕታት ሐውልት ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ነበር። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ፎቶግራፉን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ይሄን የሠራው ሰው ማነው? ኢትዮጵያዊ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን በዚያ አደባባይ ሲመላለሱ ያደጉ፣ በተማሪነታቸው ሐውልቱ ሥር የተቃጠሩ፣ ታክሲ ሲጠብቁ የተደገፉት ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ሆኖም ለልጅቷ መልስ ያለው አንድም ሰው አልተገኘም። አንዱ ወንድማችን «ጣሊያን ይሆናላ፣ ሐውልት የሚያውቀው እሱ ነው» ቢል ሁላችንም ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ሁላችንም አፈርን። ጣሊያን የፈጃቸውን ወገኖቻችንን ሐውልት ጣሊያን ሠራው ብሎ ልጅን ማስተማር እንዴት ያለ ነገር ነው?

እንግዲህ ዛሬ ለዚያች ልጅ የገባነውን ቃል እንፈጽማለን። በንግግራችን ውስጥ «ዓ.ም.» ያላልንባቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር የተጠቀሱ መሆናቸውን እንድትረዱልን እንለምናለን።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ 3 ቀናት አዲስ አበባ በደም ታጠበች። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲል፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥር የሚያቀርቡ ተመራማሪዎችም አሉ። ያ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ነው። ሐውልቱ የቆመውም ከዚያው በር ፊት ለፊት ነው። 28 ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ሲሆን፣ ከግርጌው የግፉንና የሐዘኑን ታሪክ የሚናገሩ የነሐስ ቅርጾች ከበውታል።

ይህን ሐውልት በ1955 የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች ናቸው። የአንደኛው ስም አንቱን አውጉስቲንቺች፣ የሁለተኛው ፍራኖ ክርሺኒች ይባላል። ሁለቱም ዛሬ ክሮኤሺያ ከምትባለው አገር የተወለዱ ናቸው።

አውጉስቲንቺች የተወለደው በ1900 ክላኒየትስ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። በዛግሬብ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በኋላም በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከኢቫን ሜሽትሮቪች ዘንድ ተማረ። በ1924 ትምህርቱን ሲጨርስ የፈረንሳይ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቶት ወደ ፓሪስ ሄደ፤ እዚያም እስከ 1926 ቆየ። ከመካከላችን በስኮላርሺፕ ወጥቶ፣ በባዕድ አገር ክረምት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያጠና ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። በ1929 ከጓደኞቹ ጋር «ምድር» የሚል ስያሜ ያለው የአርቲስቶች ማኅበር መሠረተ። ዓላማቸው ጥበብ የገበሬውንና የሠራተኛውን ኑሮ እንድታሳይ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ከማኅበሩ ወጣ። ማኅበር መመሥረትና ማኅበር ውስጥ መቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛ 10 ዓመት ሙሉ አይተነዋል!

ከዚያ ወዲህ የአውጉስቲንቺች ሥራ አደባባይ ላይ የሚቆም ታላላቅ ሐውልት ሆነ። በሰርቢያ በኒሽ ከተማ የነጻ አውጪዎችን ሐውልት በ1937 አቆመ። ለፖላንድ ከተማ ለካቶቪትሴ የማርሻል ፒውሱድስኪን የፈረሰኛ ሐውልት እንዲሠራ ተመርጦ ሥራውን ቢያከናውንም፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ፖላንድን የያዘው መንግሥት ያንን ማርሻል የማይወድ ሆነ። ስለዚህ ሐውልቱ ከ50 ዓመት በላይ ሲጠብቅ ኖሮ በካቶቪትሴ የቆመው በ1990ዎቹ፣ ሠሪው ከሞተ በኋላ ነው።

በሚያዝያ 1941 ጀርመንና ጣሊያን ዩጎዝላቪያን ወረሩ። እዚህ ላይ ነው የእሱ ታሪክና የእኛ ታሪክ የሚገናኘው። አውጉስቲንቺች በ1943 ከተማውን ትቶ ጫካ ወደነበሩት አርበኞች ተቀላቀለ፤ በዚያው ዓመት አርበኞቹ ባቋቋሙት ምክር ቤት ከምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ጓደኛው ክርሺኒች ደግሞ በ1897 የተወለደው ኮርቹላ በምትባል፣ ድንጋይ ጠራቢዎች በሚኖሩባት ደሴት ነው። ያቺን ደሴት ሙሶሊኒ በ1941 ወደ ጣሊያን ግዛት ቀላቅሏት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለአዲስ አበባ ሰማዕታት ነሐስ ሲያፈሱ፣ የፋሺስት ጦር በሰው አገር ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ያነበቡ አልነበሩም። በገዛ አገራቸው ያዩት ነገር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ አውጉስቲንቺች በዛግሬብ ፕሮፌሰር ሆኖ ወጣት ቀራጺዎችን አስተማረ። በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ ውስጥ፣ የወይራ ዝንጣፊ ይዛ በፈረስ የምትጋልብ ሴት ሐውልት አለች፤ ስሟ «ሰላም» ነው። ዩጎዝላቪያ በስጦታ ያቀረበችው በ1954 ሲሆን፣ ሠሪው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፤ በ1955 መጨረሻ ማርሻል ቲቶ አዲስ አበባ መጡ። የስድስት ኪሎው ሐውልትም የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ክርሺኒችም በበኩሉ በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ በአሜሪካ በኩል ያለውን የሳይንቲስቱን የኒኮላ ቴስላን ሐውልት የሠራ ሰው ነው።

ልጆቻችን እንዲያውቁት ያህል የነሐስ ሐውልት እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንንገራችሁ። ቀራጺው በመጀመሪያ ቅርጹን በሸክላ ጭቃ ያበጀዋል። ከዚያ በጀሶ ይገለብጠዋል። በጥንታዊው ዘዴ ደግሞ ቅርጹ በሰም ተሠርቶ በአፈር ይሸፈናል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ብረት በቦታው ይገባል። አያቶቻችን «ሰምና ወርቅ» ያሉት ከዚሁ ከአንጥረኛ ሥራ ተነሥተው ነው። ሰሙ ይጠፋል፣ የሚቀረው ወርቁ ነው።

አውጉስቲንቺች በ1979 ሞተ። የተቀበረው በተወለደባት በክላኒየትስ፣ ሥራዎቹ በሕይወቱ ሳለ ከተከፈተላቸው ሙዚየም አጠገብ ነው። መቃብሩ ላይ የቆመው ቁስለኛ ተሸክመው የሚሄዱ አርበኞችን የሚያሳይ የራሱ ሥራ ነው። የሠራላት አገር ዩጎዝላቪያ ግን ከእሱ በኋላ ብዙም አልቆየችም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈራረሰች፤ አብረው የተዋጉ ወንድማማቾች ልጆች እርስ በርስ ተዋጉ። በቲቶ የትውልድ መንደር ያቆመው የቲቶ ሐውልት በ2004 በፈንጂ ተመትቶ ራሱ ተቆረጠ፤ በኋላ ተጠግኖ ተመልሷል።

ይህን የምንነግራችሁ በሰው አገር ለመፍረድ አይደለም። የእኛም ቤት ጉድ አለበት። እዚሁ ለንደን፣ በዊምብልደን ካኒዛሮ ፓርክ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአንገት በላይ ሐውልት ነበር። የሠሩት ሂልዳ ሰሊግማን የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው፤ በ1936 በስደት የመጡትን ንጉሥ በቤታቸው ያስተናገዱ ሴት። ማኅበራችን ገና ልጅ በነበረበት ጊዜ፣ በጁን 30 ቀን 2020፣ አገራችን በሐዘንና በቁጣ በታመሰችበት ሰሞን፣ ያ ሐውልት ተሰባበረ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ንጉሡ የተለያየ አስተያየት እንዳለን እናውቃለን፤ ሊኖረንም ይገባል። ነገር ግን ያ ቅርጽ አንዲት የባዕድ አገር ሴት ለስደተኛ በሯን የከፈተችበት ምስክር ነበር። እኛም በዚህ አገር ስደተኞች ሆነን በር ያንኳኳን ነን። ክርክራችንን በአፍ ብንጨርሰው ይሻል ነበር።

ሌላም አለ። ከዚህ ብዙ በማይርቀው በውድፎርድ ግሪን፣ መንገድ ዳር፣ አፍንጫውን ወደ መሬት የደፋ የድንጋይ ቦምብ ቆሟል። ቀራጺው ኤሪክ ቤንፊልድ ይባላል። ያሠሩት ደግሞ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ ከአውሮፕላን ቦምብ መጣልን ለመቃወም፣ በ1935ና በ1936፣ ያ ቦምብ በወገኖቻችን ላይ በሚወርድበት ጊዜ። ሲልቪያ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያሰማ ጋዜጣ ለዓመታት አሳተሙ፤ በ1960 አዲስ አበባ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ስንቶቻችን ነን በአውቶቡስ አልፈን ያንን ድንጋይ ያላየነው?

እስቲ የራሳችንን ሰፈር ስም እንመልከት። ሰቨን ሲስተርስ ማለት ሰባቱ እኅትማማቾች ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው በፔጅ ግሪን በክብ ከተተከሉ 7 ዛፎች ነው። በመካከላቸው አንድ ሌላ ዛፍ ነበረ፤ በዚያ ቦታ ስለ እምነቱ በእሳት የተቃጠለ ሰው ነበር ተብሎ ይነገራል። ዛፎቹ አርጅተው ሲወድቁ የሰፈሩ ሰዎች ሌሎች ይተክላሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የተተከሉት በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ያን ጊዜም የተከሉት 7 እኅትማማቾች ያሉባቸው ቤተሰቦች ናቸው። ከባቡር ጣቢያው ስንወጣ በየቀኑ የምናልፋቸው እነዚህ ዛፎች ሐውልት ናቸው። ነሐስ የላቸውም፣ እብነ በረድ የላቸውም፤ ያቆያቸው ዛፍ በሞተ ቁጥር የሚተክል ሰው መኖሩ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ነገራችንን ወደ ማጠቃለሉ እንመለስ። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚገባቸውን ሠርተው ሄደዋል። ነሐሱን አቁመውልናል። ነሐሱ ግን ስለ የካቲት 12 ለልጆቻችን በራሱ አይናገርም፤ ስንደገፈው ኖረን የሠሪውን ስም እንኳ አላወቅንምና። በመካከላችን እናቶቻቸውና አባቶቻቸው ከዚያ ሦስት ቀን የተረፉ አረጋውያን አሉ። የሰሙትን ይዘው ሳይናገሩ ቢያልፉ፣ የሚቀረን ዝም ያለ ድንጋይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ የአረጋውያኖቻችንን ትዝታ በድምፅ እንቅዳ፤ ቀጂዎቹ ልጆቻችን ይሁኑ። ሁለተኛ፣ በሚመጣው የካቲት 12 ከዚህ አዳራሽ በፊት ውድፎርድ ሄደን በዚያ ድንጋይ ሥር አበባ እናስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ልጅ ሲጠይቀን «አላውቅም» ማለትን አንፈር፤ ፈልገን ሳንነግረው መቅረትን ግን እንፈር።

ያቺ ልጅ ዛሬ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣለች። ልጃችን፣ የጠየቅሽው ሰው ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ነገር ግን የእኛን ሐዘን ያውቅ ነበር።

ለመጪው 10 ዓመት በሰላምና በፍቅር ያድርሰን።